በተራራ ላይ ሁለት ሌሊት

ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሜዳ ባደረ ጊዜ የቤቱን ነገር አጥርቶ የሚያይበት ቀን አለ። ባለፈው ክረምት ይህ ነገር በእኛም ላይ ደርሷልና፥ እንደ እኛ በሰው አገር ቤተሰብ ለሚያስተዳድሩ ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ልንተርከው ወደድን።

የምንኖረው በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው። ከሁለታችን አንደኛው ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ሁለተኛዋ ቀን በሆስፒታል ትሠራለች። ስለዚህ ባልና ሚስት የምንገናኘው አንዳችን ስንገባ ሌላችን ስንወጣ በደጃፍ ላይ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ የበኩሩ 16 ዓመቱ ነው፤ ትንሹ ገና 6 ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ እናታችንን «እዚህ ሐኪም አለ፥ ዕረፍትም አለ» ብለን ከደብረ ታቦር አስመጣናቸው። እሳቸው ግን በ9ኛው ፎቅ ላይ፥ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፥ ከወር ወደ ወር ንግግራቸው እያጠረ ሄደ። «ልጆቼ፥ ወደ አገሬ መልሱኝ» ባሉን ጊዜ ሁሉ «ለጤናዎ ብለን ነው» እያልን ነገሩን እናሳልፈው ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ፥ ፍልሰታ ሳይገባ፥ የበኩር ልጃችን አንድ አሳብ አመጣ። አሜሪካኖች «አር ቪ» የሚሉት፥ መኝታና ማብሰያ በውስጡ ያለው ትልቅ መኪና አለ፤ እርሱን ተከራይተን በተራራ ላይ ሁለት ሌሊት እንደር አለን። እናታችን በዚህ ዕድሜያቸው እንዴት በዱር ያድራሉ ብለን ብንጨነቅም፥ «እኔም እሄዳለሁ» ስላሉን ተስማማን።

የሄድንበት ስፍራ በቨርጂኒያ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይህ ፓርክ የተመሠረተው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ነው። በተራራው ጫፍ ላይ ከሰሜን እስከ ደቡብ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል፥ 105 ማይል ወይም 169 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ ተዘርግቶበታል። ከ35 ማይል በላይ መፍጠን የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ችኩል ሰው እንኳ ሳይወድ በግድ ግራና ቀኙን ለማየት ይገደዳል።

ከመንገዱ በአንደኛው ስፍራ፥ ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ አለ። ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ወይም 3 ሜትር ከ86 ሳንቲም መሆኑን ማስታወቂያው ይናገራል። እኛ ግን የመኪናችንን ቁመት ሳንጠይቅ መውጣታችን ትዝ ያለን ከዋሻው በር ላይ ስንደርስ ነው። መኪናውን ዳር አስይዘን ስንጨነቅ ልጃችን ወረቀቶቹን አገላብጦ 11 ጫማ ከጥቂት ኢንች የሚል አገኘና፥ ወርዶ በእጁ እያመለከተ አሳለፈን። አባትና ልጅ በአንድ ሥራ ላይ ሲተባበሩ ካየን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር። እንዲህ ያለ መኪና የሚከራይ ሁሉ ግን ቁመቱን ከቤቱ ሳይነሣ ይጠይቅ፤ እንደ እኛ በዋሻ በር ላይ ቆሞ አይማር።

ያደርንበት ሰፈር ቢግ ሜዶውስ ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፥ ከተማው በሙቀት ሲቃጠል በዚያ ማታ ማታ ጋቢ ያስለብሳል። እናታችን ከመኪናው እንደ ወረዱ አየሩን ስበው «ይኼስ ደጋ ነው» አሉ። ለመንገደኞች የተዘጋጁት ማረፊያዎች ከ200 ይበልጣሉ፤ ሆኖም በክረምት ቶሎ ስለሚያዙ አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ለየመኪናው የተዘረጋ የኤሌክትሪክም ሆነ የውኃ መሥመር የለም። ስለዚህ ውኃውን በመኪናው በርሜል ሞልቶ መቆጠብ፥ ጄኔሬተርንም በተፈቀደው ሰዓት ብቻ ማስነሣት ግድ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማንም ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ ሕግ አለ። ጥቁር ድብ በአካባቢው ስለሚዘዋወር፥ ምግብ በውጭ ትቶ መተኛት አይፈቀድም፤ እኛም እንጀራውን፥ በርበሬውንና ሽሮውን ሁሉ ወደ መኪናው አስገብተን ቆለፍን። እንጨት ደግሞ ከሩቅ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ዛፍ የሚያጠፋ ነቀዝ አብሮ እንዳይገባ ተፈርቶ ነው። እኛም ከዚያው ገዛን።

ቀኑ ዓርብ ስለ ነበረ ሽሮ ሠርተን በላን። በመሸም ጊዜ ልጃችን በብረት ቀለበት በተከበበው ምድጃ ላይ እሳት ሊያነድ ጀመረ። ግንዱን በግንድ ላይ ከምሮ፥ ወረቀት እያቃጠለ፥ በጢስ ዓይኑን አጠፋ። እናታችን ጥቂት ተመለከቱና ተነሡ። ከምረውን አፍርሰው፥ ስንጥሩን ለይተው፥ ጎንበስ ብለው እፍ አሉበት። «ልጄ፥ አፍነኸው ነው። እሳት እኮ መተንፈሻ ይፈልጋል» አሉት። እሳቱ ተያያዘ።

በዚያን ሌሊት እናታችን ሦስት ዓመት ያልሰማነውን ያህል ተናገሩ። በልጅነታቸው በአውድማ ላይ እያደሩ እህል እንዴት ይጠብቁ እንደ ነበር፥ ጅብ ሲመጣ ወንድማቸው ምን ያደርግ እንደ ነበር ነገሩን። ልጆቹ ያልገባቸውን ቃል እየጠየቁ፥ አንዱ ለሌላው እየተረጎመ፥ እሳቱ እስኪከስም ድረስ ሳይነሡ አዳመጡ። ስልኮቹ ከነጭራሹ አልታሰቡም።

በማግሥቱ አጋዘኖች በሰፈሩ መካከል ሲግጡ አይተን፥ ከዚያ በኋላ ወደ እንግዶች መቀበያው ቤት ሄድን። የፓርኩ ታሪክ በሥዕልና በጽሕፈት በዚያ ተዘርግቷል፤ ልጃችንም እየተኮላተፈ ለአያቱ ተረጎመላቸው። ፓርኩ ከመቋቋሙ በፊት ተራራው ባዶ አልነበረም። የቨርጂኒያ መንግሥት መሬቱን በሕግ ወስዶ ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች ከርስታቸው ተነሥተዋል። ከዚህም ሌላ፥ በ1939 ዓ.ም. በአቅራቢያው ያለው የሉዊስ ተራራ ሰፈር ሲከፈት ለጥቁር ሕዝብ ብቻ ተለይቶ ነበር፤ ይህ መለያየት በፓርኩ ሁሉ የቀረው በ1950 ዓ.ም. ነው። ልጃችን ይህን ሲያነብ ድምፁ ዝቅ አለ። «እንግዲህ እኛ ትናንት ባደርንበት ማደር አንችልም ነበር ማለት ነው» አለ።

እናታችን ግን ልባቸው በፊተኛው ነገር ላይ ቀርቶ ነበር። «የተነሡት ሰዎች ተመለሱ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ልጁም አልተመለሱም፤ ነገር ግን ጥቂት አዛውንት እስከ ዕለተ ሞታቸው በቤታቸው እንዲኖሩ ተፈቅዶላቸው ነበር ብሎ መለሰላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እነዚያንስ እንኳን ተዉአቸው» አሉና ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በሁለተኛው ሌሊት ሁሉም ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት በውጭ ተቀመጥን። ብዙ ወራት እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እርስ በርሳችን እንኳ ሳንነጋገር የደበቅነውን ነገር አወጣነው። እናታችንን ያስቀረናቸው ለጤናቸው ብቻ አልነበረም። ትንሹ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚቀበለው ሌላ ሰው ስላልነበረን፥ ለሞግዚት የሚከፈለውም ገንዘብ ስለ ከበደን ነው። የእኛን ጥቅም የእሳቸው ጥቅም ብለን ስም ሰጥተን፥ ሦስት ዓመት ሙሉ ልመናቸውን ሳንሰማ ኖረናል። ይህን መናገር አሳፈረን፤ መናገራችን ግን አቀለለን።

በነጋም ጊዜ ቡና ተፈልቶ ሳለ፥ «እማማ፥ በጥቅምት ወደ አገርዎ እንወስድዎታለን» አልናቸው። ደስታቸውን ጠብቀን ነበር። እሳቸው ግን ስኒውን አስቀምጠው «ታዲያ ትንሹን ማን ይቀበለዋል?» አሉን። ነገሩን ኖሮ ሁሉን ያውቁታል፤ አውቀውም ዝም ብለውልናል። እኛ መልስ አጥተን አንገታችንን ስንደፋ የበኩሩ ልጃችን «እኔ እቀበለዋለሁ» አለ። አያቱ በዓይናቸው መዘኑትና «እንግዲያስ ይሁን» አሉ።

እነሆ በጥቅምት በተስፋው መሠረት ሄደዋል። ልጃችንም እስከ ዛሬ አንድ ቀን ሳያጓድል ወንድሙን ይቀበላል፤ ሥራው ቀላል እንዳልሆነም አውቋል። ሁለታችን በሳምንት አንድ ሌሊት ሥራችንን አስተካክለን በአንድ ማዕድ እንበላለን፤ ገቢያችን በዚህ ምክንያት ጎድሏል። በእሑድ እናታችን በስልክ ሲደውሉ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ረጅም ሆኗል፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ግን ይነግሩናል፥ ሐኪሙም ሩቅ ነው። ስለዚህ ትክክል ሠራን ብለን ፈጽመን አንመካም።

ነገር ግን እናንተ ወላጆቻችሁን ከአገር ያስመጣችሁ ሁሉ፥ ይህን አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። እናት ወይም አባት «መልሱኝ» ሲሉ፥ መልሱ እሺ ቢሆን ወይም አይሆንም ቢሆን፥ ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው። ለዚህ ተራራ መውጣት የግድ አይደለም። እኛ ግን ሰነፎች ስለ ነበርን፥ መብራቱ እስኪጠፋና ጎረቤቱ ሁሉ ዝም እስኪል ድረስ መስማት አልቻልንም ነበር።