የኪራይ ደብተርና የደላላ ዋጋ

ቤት ማከራየት እንደ እርሻና እንደ ንግድ ሁሉ የኑሮ መተዳደሪያ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ገበሬው እህሉን በቁና ሲሰፍር፥ ነጋዴውም ዕቃውን በሚዛን ሲያስመዝን፥ ብዙው አከራይ ያገኘውንና ያወጣውን በልቡ ብቻ ይዞ የሚኖር መሆኑ እኛን ዘወትር ሲያሳስበን ኖሯል። ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመናገር የተነሣነው አከራዩን ለመክሰስ ወይም ለግብር ሰብሳቢው ጠበቃ ለመቆም ብለን አይደለም፤ ከልማድ የተነሣ ብቻ የሚደርሰውን ጉዳት በየጊዜው በዓይናችን ስላየን ነው።

ነገሩን ከመርካቶ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ስፍራ የለም። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የከተማው ትልቁ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ፤ መርካቶ የሚለውም ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሸማ ተራ፥ ምን አለሽ ተራ፥ ቦምብ ተራ፥ ሚሊታሪ ተራ፥ ጎጃም በረንዳ እየተባለ እያንዳንዱ መንደር በስሙ ተከፋፈለ። በዚህ ሰፈር ዕቃ የሚዘረጋባት ጠባብ በረንዳ እንኳ ዋጋ አላት። ባዶ ክፍል ያለውንና ክፍል የሚሻውን የሚያገናኘውም ደላላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ደላላን፥ ተዋዋዮችን ፈልጎ ማገናኘትን ሙያውና ጥቅሙ ያደረገ ሰው ነው ብሎ ተርጉሞት ነበር፤ ከነጋዴዎችም ወገን ቆጥሮታል። ስለዚህ ድለላ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ ጉድለቱ ዋጋው ሲከፈል ወረቀት የማይጻፍበት መሆኑ ነው።

እኛ የምናውቃቸው አንዲት ባልቴት በአዲስ ከተማ ሁለት የሱቅ ክፍሎች አሏቸው፤ የሚተዳደሩትም በዚያው ነው። ከክፍሎቹ አንደኛው ባዶ በሆነ ጊዜ ደላላ ተከራይ አመጣላቸው፤ ኪራዩም በወር 10,000 ብር እንዲሆን ተስማሙ። ደላላው ከመጀመሪያው ወር ኪራይ 5,000 ብር ለድካሙ አስቀርቶ ቀሪውን አስረከባቸው። የሐምሌ ወር ደርሶ ግብር ሲያስታውቁ፥ ባልቴቲቱ ከዚህ ክፍል በዓመት በእጃቸው የገባውን 115,000 ብር ተናገሩ፤ ተከራዩ ግን ነጋዴ ነውና የከፈለውን 120,000 ብር በወጪው መዝገብ አስፍሮ ነበር። ሁለቱ ቍጥሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ጥርጣሬ ተወለደ። የአንዱ ወር ልዩነት ሌሎቹን ወራትና ሁለተኛውን ክፍል ጭምር አጠራጠረ፤ ግብሩም በግምት ተወሰነ።

«ልጄ፥ በእጄ ያልገባውን እንዴት ገቢ ነው ልበል?» አሉን።

«እማማ፥ በእጅዎ ባይገባም በስምዎ ተከፍሏል። ደላላው ወረቀት ሰጥቶዎት ነበርን?»

«ደላላ ወረቀት ይሰጣልን? እሱ የሚሰጠው ሰው ነው!» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም።

እንግዲህ ያልሰወሩ ሴት እንደ ሰወሩ የተቆጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የተከራዩ ሙሉ ክፍያ ገቢ ነው፤ የደላላው ዋጋ ወጪ ነው። አንዱን ከሌላው ቀንሶ ቀሪውን ብቻ መናገር፥ አሳቡ ቅን ቢሆንም፥ ሁለቱንም ያጠፋል።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979 አከራዮችን በሁለት ከፍሏቸው ነበር። የሒሳብ መዝገብ የማይዘው አከራይ ለመንግሥት ወይም ለከተማው አስተዳደር ከሚከፍላቸው፥ ግብር ካልሆኑ ክፍያዎች ሌላ፥ ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ከጠቅላላው ኪራይ ግማሹ ይቀነስለት ነበር፤ ስለዚህ ከ120,000 ብር 60,000 ብር ይነሣለት ነበር ማለት ነው። ለደላላ ተብሎ ሌላ በር አልተከፈተለትም። መዝገብ የያዘው ግን ገቢውን ለማግኘትና ለመጠበቅ ያወጣውን አስፈላጊ ወጪ ይቀንሳል። ከተዘረዘሩት መካከል የደላላን ዋጋ በስሙ ባናገኘውም፥ ተከራይ ለማግኘት የወጣ ገንዘብ ከዚህ ቃል አይወጣም ብለን እናምናለን፤ ደረሰኝ ከሌለው ግን ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። ይኸው አዋጅ ተከራዩ በአከራዩ ፈንታ የከፈለውን፥ እንዲሁም በውሉ መሠረት ከኪራዩ ሌላ በራሱ ወጪ ቤቱን ያደሰበትን፥ ከአከራዩ ገቢ ይቆጥረዋል። በ2017 ዓ.ም. ይህን አዋጅ የሚያሻሽል ሌላ አዋጅ ወጥቷልና፥ አከራይ የሆነ ሁሉ ዝርዝሩን ከአዲሱ ጋር ያመሳክር ዘንድ እንመክራለን።

ስለ ኪራይ ዝም የማለቱ ልማድ ከወዴት መጣ? እንደ እኛ አስተያየት ከስስት ብቻ የመጣ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፥ የአከራይና የተከራይን ግንኙነት ጨርሶ ሻረ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትም ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው አከራይ መባልን እንደ ነውር፥ ወረቀትንም እንደ መስካሪ ጠላት ማየቱ አያስደንቅም። ያ ሕግ ካለፈ በኋላ ግን ፍርሃቱ በልማድ መልክ ቀረ። ዛሬም አንዳንዱ ሁለት ውል ይጽፋል፤ አንዱን ለመሥሪያ ቤት፥ አንዱን ለኪሱ። ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን ተከራዩ የሚያወጣበት ያንኑ ዝቅተኛውን ውል ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይሏል ይኸው ነው።

ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በአከራዩ ጫንቃ ላይ መጣል ፍርድ አይሆንም። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቍጥጥር ምክንያት የመርካቶ ሱቆች በተዘጉ ጊዜ፥ ነጋዴዎቹ «ለእኛ የሚያስረክበን ደረሰኝ ሳይሰጠን እኛ ከወዴት እናመጣለን?» ሲሉ ተሰሙ። ጥያቄው የአከራዩም ጥያቄ ነው፤ ደላላው ደረሰኝ እንዲሰጥ ሳይደረግ አከራዩን ደረሰኝ አምጣ ማለት ከደረቅ ጉድጓድ ውሃ መቅዳት ነው። ለመኖሪያ ቤት በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዝዟል። ሱቅ በዚህ አዋጅ ባይገዛም፥ ባንክ የመሰከረው ኪራይ በሱቅም ዘንድ ክርክርን ያሳጥራል።

እስከዚያው ድረስ አንድ ደብተር ብዙ ያድናል። በአንድ ወገን ቀኑ፥ የተከራዩ ስምና የተከፈለው ሙሉ ኪራይ ይጻፍ፤ በሌላው ወገን የደላላው ዋጋ፥ ጥገናውና ለከተማው የተከፈለው ለየብቻው ይስፈር። ደላላው የታተመ ደረሰኝ ከሌለው፥ ስሙንና የተቀበለውን ጽፎ፥ ምስክር ባለበት ይፈርም፤ ይህ ደረሰኝን ባይተካም ከዝምታ ይሻላል። የውሉ ቅጅ ግን ከሱቁ ርቆ ይቀመጥ፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ያገኘውን ሲበላ ጨርቅ ከወረቀት አልለየም።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መምህራንና ተማሪዎች መካከል እናቱ ወይም አያቱ አንዲት ክፍል አከራይተው የሚያስተምሩት ብዙ ነው። ለቀለም ትምህርቱ መክፈያ የሆነውን ኪራይ በወር አንድ ምሽት ተቀምጦ ቢጽፍላቸው፥ ከሚያቀርብላቸው ምስጋና ሁሉ ይህ ይበልጣል እንላለን። ያወቅናቸው ባልቴት ደብተር የጀመሩት በልጅ ልጃቸው እጅ ነው፤ ደላላውም ተከራይ ይዞ በመጣ ቁጥር ቀድመው የሚያቀርቡለት ብዕር ሆኗል።