ሁለቱን እግሮች ምን በላቸው?

ባለፈው እሑድ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ከቤት አላስወጣ ሲለን፣ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄና የጎረቤቴ ልጅ በረንዳዬ ላይ ሥዕል ይሥሉ ነበር። እሷ ሠላሳ ሊሞላት ነው፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አታይም። ወረቀቱን በታጠፈ ጋቢ ላይ አንጥፎ በእስክሪብቶ ጫን አድርጎ ማስመር ነው፤ ሲገለብጡት መስመሩ ጎበጥ ብሎ በጣት ይዳሰሳል። ግራና ቀኙ ይዛወራል እንጂ ለቤት ይበቃል።

ሁለቱም የቡና በርጩማዬን ሣሉ። የልጁ መቀመጫና ሁለት እግር አለው። የእሷ አራት እግሮች ከመቀመጫው ወደ አራቱም አቅጣጫ ተዘርግተዋል።

«እማማ፣ አክስቴ ኤሊ ሣለች!» ብሎ ሳቀ።

እሷም የእሱን ዳሰሰችና፣ «የኔ ጌታ፣ ሁለቱን እግሮች ምን በላቸው?» አለችው።

«ከኋላ ናቸው፤ አይታዩማ!»

«እኔ ስዳስሰው አራቱንም አገኛቸዋለሁ።»

እውነት አላት። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ጆን ኬኔዲ ዓይነ ስውራንን ለብዙ ዓመታት ሲያሥል የኖረ ተመራማሪ ነው፤ የነገሮችን ጠርዝ በመስመር ማሳየትን ሳይማሩትም እንደሚረዱት አሳይቷል። በዓይን አይቶ «ከኋላ ነው» ማለትን ግን ሰው የሚለምደው በልጅነት ነው።

ይህ እኔን ያመኛል። እናቷ ከይፋት ቆላ በአራት ወሯ አዝላ ስታመጣት ተረኛዋ ነርስ እኔ ነበርኩ። የሁለቱም ዓይኖቿ ብሌን ነጭ ነበር። «ትንሽ ትደግ፣ ጠንከር ስትል እንልካታለን» አልኳት። የዓይን ሞራ ይዞት የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊታይ ይገባ ነበር፤ ነጩ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን አይጠበቅም። እሷ ቀዶ ጥገና ያገኘችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ብዙም አልጠቀማት።

የተሻለ ያገኙም አሉ። ሞራ ይዟቸው ተወልደው ዘግይተው ሐዋሳ ላይ የታከሙ ልጆችን የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተው በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ልጆቹ ቀለምን፣ መጠንንና ቀላል ቅርጽን ለዩ። አንዱ ነገር ሌላውን የሸፈነበትን ወይም ጉብታው በጥላ ብቻ የተሣለውን ቅርጽ መለየት ግን አቃታቸው። የልጅ ልጄ ሳያስበው የሚያውቀውን ማለት ነው።

እናቷ እስከ ዛሬ ወቅሳኝ አታውቅም። በየቀኑ ቡና እንጠጣለን፤ ያንን ቀን ግን አናነሳውም።

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በርጩማውን ሲዳስስ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን ስቦ ሁለት እግር ጨመረበት።