በሉካ ባዶየር የሳቅሁበት ዓመት

ስለ ፎርሙላ ዋን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ስለሆነ የሚያርመውም ጥቂት ነው። እኔም ለዓመታት ማንም ሳያርመኝ ጽፌአለሁ፤ ዛሬ ራሴን ላርም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።

በ2009 ሐምሌ ወር ፌሊፔ ማሳ በሃንጋሪ ማጣሪያ ላይ ሳለ፣ ከፊቱ ከሚሄደው መኪና የወለቀ ሞላ ጭንቅላቱን መታው። ፌራሪ በእሱ ቦታ ሉካ ባዶየርን አሰለፈ። ባዶየር በቫሌንሺያ ማጣሪያ የመጨረሻ ሆነ፤ በስፓም እንዲሁ። ስፓ ላይ ውድድሩን ከጨረሱት ሁሉ ኋላ ሲገባ፣ ያንኑ ቀይ መኪና የያዘው ኪሚ ራይኮነን አሸነፈ። ያን ጊዜ በአንድ የስፖርት ጋዜጣ ላይ ዓምድ ነበረኝና ብዕሬን ሳልሁ። ከአስር ዓመት በላይ የፌራሪን ደመወዝ እየበላ መንዳት ያልተማረ ሰው ነው ብዬ ጻፍኩ። ቫሌንሺያ ላይ የፒት ፍጥነት ገደቡን ደጋግሞ ጥሶ መቀጣቱንም ቀልድ አደረግሁት። አንባቢ ሳቀ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ያልጻፍኩት ይበልጣል። ባዶየር ከ1999 መጨረሻ ወዲህ አንድም የፎርሙላ ዋን ውድድር አልነዳም ነበር። ሥራው መኪና መሞከር ነበር። ሚካኤል ሹማኸር ከ2000 እስከ 2004 ያነሳቸው አምስት ተከታታይ ዋንጫዎች ውስጥ እሱ በፊዮራኖና በሙጄሎ የዞረው ስፍር ቁጥር የሌለው ዙር አለ። ከ2009 ጀምሮ ግን በውድድር ወቅት መሐል መኪና መሞከር ተከለከለ። የሰውየው እንጀራ በሕግ ተዘጋ፤ ከዚያ በማያውቀው ጎዳና፣ ባልለመደው መኪና፣ የሁለት ቀን ልምምድ ብቻ ይዘህ ተወዳደር ተባለ።

እዚያው ዓምድ ላይ ክልከላውን ሳሞግስ ከርሜአለሁ። ሁለቱ ነገር የተያያዘ መሆኑ አልታየኝም። ከባዶየር በፊት ሹማኸር በማሳ ቦታ ሊመለስ ሲያስብ ፌራሪ በአዲሱ መኪና እንዲሞክር ይፈቀድለት ብሎ ጠየቀ፤ ዊሊያምስ፣ ሬድ ቡልና ቶሮ ሮሶ እምቢ አሉ። እኔም ሕግ ሕግ ነው ብዬ አጨበጨብኩ። በመጨረሻ ያስቀረው የአንገቱ ጉዳት ነው፤ ግን ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለሆነ ሰው እንኳ መኪናውን መልመጃ ቀን መጠየቁ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

ፍርዴን የሚያፈርስ ማስረጃ በዚያው ዓመት መጣ። ጃንካርሎ ፊሲኬላ ስፓ ላይ በፎርስ ኢንዲያ መኪና ከሁሉም ፊት ተነስቶ ሁለተኛ ገባ። ፌራሪ ወዲያው ወስዶ በባዶየር ቦታ አስቀመጠው። በቀሩት አምስት ውድድሮች አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘም። ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ መንዳት አይረሳም።

ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። በ1999 በኑርበርግሪንግ ባዶየር በደካማዋ ሚናርዲ አራተኛ ሆኖ ሲሮጥ ካምቢዮው ተበላሸ፤ ከመኪናዋ አጠገብ ሆኖ አለቀሰ። በፎርሙላ ዋን አንድም ነጥብ ሳያገኝ እንደ እሱ ብዙ ጊዜ የተወዳደረ የለም። ይህን ታሪክ አውቀው ነበር። ቀልዱን ያበርድብኛል ብዬ ተውኩት።

ወደ ሐሳቡ ልመለስ። ክልከላውን የደገፍኩት በሞኝነት አልነበረም። በ2008 ታኅሣሥ ሆንዳ ወጪው ከብዶት ከውድድሩ ወጣ፤ ዓለም በገንዘብ ቀውስ ውስጥ ነበረች። ፌራሪ ከፋብሪካው አጠገብ የራሱ መንገድ ሲኖረው፣ ድሃው ቡድን ለእያንዳንዱ የሙከራ ቀን ኪራይ ይከፍላል። ስለዚህ ያኔ ክልከላው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ይህን አልክድም። ስህተቴ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ሙጥኝ ማለቴ ነው። በ2021 የቡድኖች ወጪ በ145 ሚሊዮን ዶላር ተገደበ። ወጪው በጣሪያ ከታጠረ ቡድኑ ብሩን በመንገድ ላይ ይጨርሰው በሲሙሌተር ምን ይለያል? እንጦጦ ላይ መለማመድ ተከልክሎ በውድድር ቀን ብቻ ሩጥ የተባለ አትሌት ቢሸነፍ ማን ይፈርድበታል?

ሲሙሌተሩና የንፋስ ዋሻው ሁሉን አይነግሩም። በ2022 መርሴዲስ ያን ሁሉ መሣሪያ ይዞ፣ መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ፈረስ እንደሚዘል ያወቀው ትራክ ላይ ሲወጣ ነው። ባኩ ላይ ሉዊስ ሃሚልተን ወገቡን ይዞ ከመኪናው ሲወርድ አይተናል። ደግሞም ሀብታሙ በጓሮ በር ገብቷል። ደንቡ ቆየት ያለ መኪና መንዳትን ስለሚፈቅድ፣ መርሴዲስ በ2024 ታዳጊውን ኪሚ አንቶኔሊን በአሮጌ መኪና በየአገሩ አስነዳው፤ ልጁ በ2025 ሜልበርን ላይ በመጀመሪያ ውድድሩ አራተኛ ወጣ። ለድሃ ቡድን ብዬ የደገፍኩት ሕግ መጨረሻው ይኸው ሆነ።

ሙከራ ሁሉን እኩል ያደርጋል ማለቴ ግን አይደለም። በ2014 በወቅቱ መሐል ሙከራ ለጊዜው ሲመለስ መርሴዲስ ከ19 ውድድር 16ቱን አሸነፈ። ማክላረንም በ2023 ከኋላ ተነስቶ መድረክ ላይ የወጣው ያለ ሙከራ ቀን ነው። ሙከራ የሚጠቅመው ከመኪናው ይልቅ ሰውየውን ነው። አደጋውም አለ፦ ኤልዮ ደ አንጀሊስ በ1986 በፖል ሪካር ለሙከራ ወጥቶ ሲገለበጥ ፈጥኖ የሚያወጣው በቂ ሰው አልነበረም፤ ሞተ።

ይህን ሁሉ ያስቆፈረኝ ሊያም ሎሰን ነው። በ2025 ሬድ ቡል ከሁለት ውድድር በኋላ ሲያወርደው፣ እጄ ያንን የ2009 ቀልድ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ከወቅቱ በፊት የተፈቀደው ሙከራ ሦስት ቀን ነበር፣ ያውም ለሁለት አሽከርካሪ የሚካፈል። የተካው ዩኪ ሱኖዳም ያን መኪና አልገራውም። ጽሑፉን ቀደድኩት።

ስለዚህ ፍርዴን ለውጫለሁ፤ ሙከራው ይፈቀድ። በዓመት አራት ጊዜ፣ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሐኪሙም ሄሊኮፕተሩም ሳይነሳ እዚያው መንገድ ላይ ሁለት ሁለት ቀን ይሁን፤ ቅድሚያውም ለጀማሪና በመሐል ለገባ ተተኪ ይሰጥ። የውድድሩ የበላይ አካል ፊያ ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅበትም። በ2014 ባህሬን፣ ባርሴሎናና ሲልቨርስቶን ላይ ከውድድሩ በኋላ ሁለት ሁለት ቀን ተሞክሯል።