ደቅ ደሴት የዋልንበት ቀን



እኛ የእንፍራንዝ ልጆች ጣናን ከሩቅ እያየን ነው የምናድገው። ከጉዛራ ግንብ ኮረብታ ላይ ሲቆሙ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ግን እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት በደረሳነቴ ከሸኻችን ጋር ጎርጎራ ለቅሶ ደርሰን ስናበቃ፣ ባሕር ዳር የሚሄድ ጀልባ አገኘን። በመኪና ቢሆን በጎንደር ዞረን በቤታችን ደጃፍ ማለፋችን ነበር። ሸኻችን ግን «ሐይቁን ሳልሻገረው አልሙት» አሉና ተሳፈርን። ደቅ ደሴት ስንደርስ ሞተሩ ተበላሸ፤ ቀኑንም እዚያው ዋልን።

ደቅ በጣና ካሉት ደሴቶች ትልቁ ነው። እኔ ደሴት ሲባል ቋጥኝና ዛፍ ይመስለኝ ነበር፤ እርሻውን፣ ከብቱንና የእግር መንገዱን ሳይ በውሃ መከበቤን ረሳሁት። ነዋሪዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። አንዲት እናት ከደጃቸው አስቀምጠው ቡና አጠጡን።

ወደ ዳርቻው ስንመለስ አንድ ወይጦ ሽማግሌ ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ አስጥተዋል። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ካልደረቀም ቶሎ ይበሰብሳል። (ዛሬ «ሽማግሌው እንዲህ አሉ» እያልኩ እጽፋለሁ። ያን ዕለት ግን «አንተ» ነበር ያልኳቸው።)

በሰላምታ ተቀበሉን። ዙህር ደርሶ እኔ ቂብላው ተምታቶብኝ ስዞር፣ እሳቸው በመቅዘፊያቸው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል አድርገው አሳዩኝና ከሸኻችን ኋላ አብረን ሰገድን። ከዚያ ቀረሶ ጠብሰው አቀረቡ።

ወይጦዎች እንደ እኛው ሙስሊሞች ናቸው። ነገር ግን በአገራችን «ጉማሬ ይበላሉ» እየተባለ ከማዕዳቸው የሚሸሽ ብዙ ነበር፤ እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የባሕር አደን የተፈቀደ መሆኑን ከሱረቱል ማኢዳህ ቀርቼዋለሁ፤ የቀረበልኝም ዓሣ እንጂ ጉማሬ አልነበረም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ «ጾመኛ ነኝ» አልኩ።

ቡናውን ስጠጣ ሸኻችን አጠገቤ ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አልተናገሩም። ቢስሚላህ ብለው ከሽማግሌው ጋር በሉ።

ከዓስር በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ልንሳፈር ስንል ሽማግሌው ሮጠው መጡና በቅጠል የተጠቀለለ ነገር በእጄ አስያዙኝ።

«ማፍጠሪያህ ነው፣ ልጄ። አላህ ጾምህን ይቀበልህ» አሉኝ።

ሁለት ቀረሶ ነበር። ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ሸኻችን ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱና «አፍጥር እንጂ» አሉኝ።

በላሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር በሐይቁ ዳር ያሉትን ወይጦዎች ስለ እሳቸው መጠየቅ ያምረኛል። ግን ያን ዕለት ስማቸውን አልጠየቅኩምና፣ ማን ብዬ ልጠይቅ?