በሩ ስንት ወንበር ይርቃል?

ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚደረገው በረራ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ልጁ በሥራው ምክንያት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይመላለስበታልና መንገዱን እንደ ሰፈሩ አስፋልት ያውቀዋል። የዚያን ቀን ግን እናቱ አብረውት ነበሩ፤ አውሮፕላን ሲሳፈሩም የመጀመሪያቸው ነበር። ለዓመታት ባጠራቀመው ማይል አንድ መቀመጫ ወደ ቢዝነስ ክላስ ማሳደግ ስለ ቻለ ቦታውን ለእርሳቸው ሰጠ። እሱ ረጅም እግሮቹን የሚዘረጋበት ስፍራ ፈልጎ በክንፉ አጠገብ፣ ከአደጋ ጊዜ መውጫው በር ጎን ተቀመጠ።

የበረራ አስተናጋጇ መጥታ ጎንበስ አለች። መቀመጫው የመውጫ በር መቀመጫ መሆኑን፣ አደጋ ቢደርስ በሩን በመክፈት መተባበር እንደሚጠበቅበት ነገረችውና ‹‹ፈቃደኛ ነዎት?›› አለችው። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ራሱን ነቀነቀ።

ይህ ጥያቄ ለይስሙላ የሚቀርብ አይደለም። ለምሳሌ የአሜሪካ ሕግ በዚህ ስፍራ የሚቀመጠው ሰው ዕድሜው ከ15 ዓመት ያላነሰ፣ በሩን ለመክፈት አቅም ያለው፣ የሚንከባከበው ሕፃን ያልያዘ፣ የበረራ ሠራተኞቹንም ትእዛዝ የሚረዳ እንዲሆን ያስገድዳል። የማይፈልግ ተሳፋሪ ምክንያቱን ሳይናገር ወደ ሌላ ወንበር እንዲዛወር መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ይሉኝታ ባለበት አገር ላደገ ሰው ‹‹ፈቃደኛ ነዎት?›› ለሚል የትሕትና ጥያቄ ‹‹አይደለሁም›› ብሎ መመለስ ይከብዳል። ቋንቋው በቅጡ ያልገባውም፣ በሩን የፈራውም፣ ጨርሶ ያልሰማውም እኩል ራሱን ይነቀንቃል። አስተናጋጇ ከዚህ ንቅናቄ መረዳትን ከጨዋነት ለይታ የምታይበት መንገድ የላትም።

ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ዓለም ነበር። ጭማቂ ቀረበ፤ ትኩስ ፎጣ ታደለ። የደኅንነቱ መግለጫ ሲጀመር ከእናቲቱ ጎን የተቀመጡት ባለ ከረባት ጋዜጣቸውን ገለጡ። በዚህ ክፍል መግለጫውን አለመስማት የልምድ ማሳያ፣ የክብርም ምልክት የሆነ ይመስላል። ነገሩ ሲመረመር ግን የፊተኛው ክፍል ተሳፋሪ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ከሌላው ይበዛል እንጂ አያንስም። በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ወንበሩ ወደ አልጋነት የሚለወጥ ነውና ለመነሣትና ለማረፍ መቃናት አለበት፤ የእግር ማሳረፊያውም ካልታጠፈ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም መሰናክል ነው። በአንዳንዶቹ ቀበቶው በውስጡ የአየር ከረጢት አለው፤ በሌሎቹ ደግሞ ተጨማሪ የትከሻ ማሰሪያ ይኖራል። በወንበሮቹ ዙሪያ የቆመው ከፍ ያለ ግርዶሽ አስተናጋጇን ከዓይን ይሰውራታል።

እናቲቱ ግን የቄስ ቡራኬ የሚቀበሉ ያህል ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን አጣምረው አዳመጡ። ባለ ከረባቱ ፈገግ ብለው ‹‹እማማ፣ ከዚህ እስከ ናይሮቢ ምን ባሕር አለና ነው ስለ ሕይወት አድን ጃኬት የሚነገረን?›› አሏቸው። እሳቸው ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ይልቁንም አስተናጋጇ ስታልፍ ‹‹ልጄ፣ ይኼ ጃኬት እውጭ ሳይደርሱ አየር አይሞላም ያልሽው ለምንድን ነው?›› ብለው ጠየቋት። ‹‹ውኃ ከገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው ያነሳዎታል፤ በሩ ግን ከታች ይቀራል፤ ጠልቀው መውጣት አይችሉም›› አለቻቸው።

የባለ ከረባቱ ጥያቄ መልስ ያገኘው ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996) ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚሁ መንገድ ወደ ናይሮቢ ሲያመራ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ እንዲወስዳቸው አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዱም ሰሚ አላገኙም። ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ ቦይንግ 767 አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴቶች፣ ከግራንድ ኮሞር የባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ ወድቆ ተሰባበረ። ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሞቱ፤ የኬንያው ፎቶ ጋዜጠኛ ሞሐመድ አሚን ከእነርሱ አንዱ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ብዙዎች ጃኬታቸውን በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ አየር ሞልተውት ስለነበር ውኃው ሲገባ ወደ ላይ ተንሳፈው መውጫ አጡ። ሊያድናቸው የተሠራው ዕቃ አሰራቸው። የመንገዱ ካርታ ባሕር የለበትም፤ አደጋ ግን ካርታ አይከተልም።

ልጁ ስለተቀመጠበት በርም እንዲሁ የሚነገር ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1985 በእንግሊዝ፣ በማንቸስተር አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንድ ቦይንግ 737 ለመነሣት ሲንደረደር ሞተሩ ፈንድቶ እሳት ተነሣ። በቀኙ ክንፍ መውጫ አጠገብ የነበረችው ተሳፋሪ መክፈቻው መስሏት የወንበሯን የክንድ ማሳረፊያ ሳበች። ጎረቤቷ እጅ ዘርግታ ትክክለኛውን መክፈቻ ስትስበው 22 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው በር ወደ ውስጥ ወድቆ ተጫናት። መውጫው ነጻ የሆነው አውሮፕላኑ ከቆመ ከ45 ሴኮንድ ያህል በኋላ ነው። አንድ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ከመውጫዎቹ እኩሌታ ብቻ ተከፍተው ተሳፋሪው ሁሉ በ90 ሴኮንድ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ መሆኑን ለሚያውቅ፣ የባከነው ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚያ አደጋ 55 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ብሪታንያ በእነዚህ መውጫዎች አጠገብ ያለው ክፍተት እንዲሰፋ አዘዘች። ዛሬ ረጅም እግር ያለው መንገደኛ የሚሻማበት፣ አየር መንገዶችም ተጨማሪ ዋጋ የሚያስከፍሉበት ስፋት ለእግር ተብሎ የተተወ አይደለም፤ የሰው መሸሻ ነው።

ትእዛዝ የሰማ ሕዝብ ምን እንደሚሆን ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ ታይቷል። የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ሠራተኞቹ በጩኸት ማዘዝ ነበረባቸው፤ ከስምንቱ መውጫዎችም ያገለገሉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ተሳፋሪዎቹ ሻንጣቸውን ትተው ወጡና 379ኙም ተረፉ።

ናይሮቢ ደርሰው ሻንጣ ሲጠብቁ ልጁ ‹‹እማዬ፣ ወንበሩ ተመቸሽ?›› አላቸው።

‹‹እግዜር ይስጥልኝ፣ ተመችቶኛል። በሩም ሁለት ወንበር ብቻ ነው የሚርቀው፤ ቆጥሬዋለሁ›› አሉት። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ‹‹ያንተስ በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?›› ሲሉ ጠየቁት።

በዚያ ወንበር ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ ቆጥሮ አያውቅም፤ ስንት ጊዜ ራሱን እንደነቀነቀም እንዲሁ። መልሱን አላወቀውም። አባቶች ‹‹የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ›› የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቻውን ሲመለስ እዚያው ወንበር ደረሰው። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ አነበበ፤ በሩ መክፈቻው ሲሳብ ወደ ውጭና ወደ ላይ የሚከፈት ነበር። አስተናጋጇ መጥታ ‹‹ፈቃደኛ ነዎት?›› ስትለው ስልኩን አጥፍቶ ቀና አለ።

‹‹እባክሽ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ›› አላት።