አሊፍ በሠላሳ ዓመት



ፊደል መቁጠር የልጅ ሥራ ብቻ ይመስላችኋል? እኔም ወረታ ውስጥ ልጆች ሳቀራ ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሐሳብ ያስጣለኝ የእህቴ ልጅ ነው።

ልጁ በሕፃንነቱ እኔው ዘንድ ለውህ ይዞ የቀራ ነው። ዛሬ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ለሁለተኛ ዲግሪው የአክሱምን ታሪክ ያጠናል። ለዐረፋ ወደ ወረታ ሲመጣ የጥንት ግሪክኛ መማሪያ ይዞ መጣ። «ኢዛና ድሉን በድንጋይ ላይ ያስጻፈው በግዕዝና በሳባ ፊደል ብቻ ሳይሆን በግሪክኛም ነው። በቀደሙት የአክሱም ሳንቲሞች ላይ ያለውም ጽሑፍ ግሪክኛ ነው። ሌላ ሰው የተረጎመውን ብቻ ይዤ እንዴት እመራመራለሁ?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልወደድኩለትም ነበር። ኋላ ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብን ሳቢትን የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር ማዘዛቸው ትዝ አለኝ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ክርስቲያኑ ሐኪም ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ባግዳድ ላይ የግሪኮቹን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲመልስ፣ ሙስሊሞች ተጠቅመውበታል።

አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ ልጁ መጽሐፉን ከደነው። «አጎቴ፣ ልተወው ነው። አንዱ ስም አድራጊ ሲሆንና ተደራጊ ሲሆን ጫፉ ይለዋወጣል። ራሴ ዞረ» አለኝ።

«ይህማ መርፉዕና መንሱብ ነው!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ከዚያ አብረን ገለጥነው። ግሪክኛው እንደ ነህዋችን ሙሰና ለሁለት ነገር የተለየ መልክ አለው። እንደ «አል» ያለ ከስም በፊት የሚገባ ቃልም አለው። አልፋና ቤታም ከእኛ አሊፍና ባ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ጥንት ከፊንቄያውያን ፊደል የወረዱ ናቸው። በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ የምናያቸው ፩፣ ፪፣ ፫ እንኳ ከግሪክ ፊደላት የመጡ መሆናቸውን ያን ማታ ከእሱ ተማርኩ። የዲርሃም ስምም ከግሪኮቹ ድራክማ የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቀለለው አልላችሁም። የግሡ ብዛት አሁንም ያለፋዋል። ጠዋት ጠዋት ግን ልጆቹ «አሊፍ፣ ባ» ሲሉ እሱም ጥግ ይዞ የራሱን ያነበንብ ነበር።

ያን ሳይ አንድ አባት ትዝ አሉኝና ልቤ ተነካ። ከዓመታት በፊት ነው። እኚህ የፎገራ ገበሬ የሩዝ አጨዳ ካበቃ በኋላ መጥተው፣ «ኡስታዝ፣ ፋቲሓዬ እንዲቃናልኝ ከአሊፍ ጀምረው ያቅሩኝ» አሉኝ። እኔም ፈገግ ብዬ፣ «አባባ፣ እርስዎ ዱዓ ያድርጉልን፤ ቂርኣቱ ለልጆች ይሁን» ብዬ መለስኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። በልጆቹ ፊት ነበር ያልኳቸው።

የእህቴ ልጅ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ እኔም ወደ እኚህ አባት ቤት ሄድኩ። ክረምቱ ሊገባ ነውና ሜዳው ለሩዝ እየታረሰ ነበር። «አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ላቅራዎት» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም «አውፍ ብያለሁ። ነገር ግን ኡስታዝ፣ አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ፊደሉ አይታየኝም» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የምለው አጣሁ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያጽናኑኝ፤ «ጆሮዬ ግን ይሰማል» አሉ።

አሁን ማታ ማታ ከዒሻ በኋላ እኔ አንድ ቃል እላለሁ፣ እሳቸው ይከተሉኛል። ሌሎች አራት አባቶችም ተጨምረዋል፤ እነሱ ፊደሉን በዓይናቸው እያዩ ይቆጥራሉ። እሳቸው ፋቲሓን አቃንተዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ሙስሐፍ ግን ገልጠው አያነቡም፤ ያንን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ከቤታችሁ ፊደል ያልቆጠረ አባት ወይም እናት ካለ፣ ዓይናቸው ሳይደክም ዛሬውኑ ጀምሩላቸው። ለእኔም ዱዓ አድርጉልኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።