ልጆቻችሁን ይዛችሁ ባልድዊን ሂልስ ውጡ

በዚህ ወር ሩቅ አገር አልወስዳችሁም። ፌርፋክስ መጥታችሁ እንጀራችሁን ከገዛችሁ በኋላ መኪናችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። ፌርፋክስ አልቆ ከላ ሲየኔጋ ጋር ሲገናኝ፣ እሱን ይዛችሁ ጥቂት እንደ ነዳችሁ ኮረብታው ይቀበላችኋል። ባልድዊን ሂልስ ማለት ይሄ ነው። ኬኔት ሃን የሚባለው ፓርክ እዚያ ላይ ነው። ዓሣ የሚጠመድበት ኩሬ፣ የጃፓን የአትክልት ስፍራና ሥጋ መጥበሻ ቦታ አለው። ቅዳሜና እሁድ መኪና ማቆሚያ ስለሚያስከፍል ጥቂት ዶላር ያዙ።

ፓርኩ ውስጥ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ የተንጣለለ ሣር አለ። ልጆች፣ እዚያ ላይ ከመሮጣችሁ በፊት ታሪኩን ስሙ። ያ ቦታ ድሮ የከተማው የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1963፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ግድቡ ተሰንጥቆ ውኃው ከታች ያለውን ሰፈር ጠረገው። 5 ሰዎች ሞቱ፣ 277 ቤቶች ወደሙ። ግድቡ ዳግመኛ አልተሠራም። ዛሬ ያ ሁሉ ውኃ በነበረበት ላይ ሕፃናት ይቦርቃሉ።

እኔ ይህን ኮረብታ የምወድበት የራሴ ምክንያት አለኝ። በማርች 2020 በኮሮና የተነሳ የሎስ አንጀለስ ምግብ ቤቶች ሰው አስቀምጠው እንዳያስተናግዱ ታዘዘ። ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኳቸው። ወቅቱ የሁዳዴ ጾም ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በየዓይነቱ ለመብላት ሰው የሚሰለፍበት። ፌርፋክስ በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ከተባለ ወዲህ እንዲያ ጭር ብሎ አይቼው አላውቅም። የቤት ኪራይ አልጠበቀኝም፤ እንቅልፍም አልነበረኝም።

ፋሲካ ኤፕሪል 19 ዋለ። ቅዳሴውን ቤታችን ቁጭ ብለን በስልክ ተከታተልን። ትንሿ ልጄ፣ «አባዬ፣ ዘንድሮ ፋሲካ የለም ማለት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ባለቤቴ ግን ምንም ሳትል ተነሥታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ያለንን ዶሮ ሠራንና ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶችና አባቶች ይዘን ወጣን። በር ላይ አስቀምጠን፣ ደወል ደውለን፣ ራቅ ብለን እንቆማለን። አንዲት እናት በመስኮት አዩንና ድስቱን ሲያዩ እልልታቸውን አቀለጡት። ልጄ መኪና ውስጥ ሆና እሷም እልል አለች። እልል ማለት እንደምትችል እንኳ አላውቅም ነበር። «ፋሲካማ አለ» አለችኝ።

በማግሥቱ ኪራዩ ያው ነበር። ምግብ ቤቱም ያው ዝግ ነበር። ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ገባኝ። ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ ላይ ተገርፈው፣ እግራቸው ከግንድ ጋር ተጠርቆ፣ በእኩለ ሌሊት ይዘምሩ ነበር። ልብ በሉ፣ የዘመሩት የወኅኒው በር ከመከፈቱ በፊት ነው። እኛ ግን ብዙዎቻችን ደስታን ለነገ እንቀጥራለን፤ ወረቀቱ ሲወጣ፣ ዕዳው ሲያልቅ እንላለን። ሐዘንን ደብቁ ማለቴ አይደለም። በዚያ ዓመት የቀበርናቸው አሉ፤ አልቅሰናልም። እግዚአብሔርን ለማመስገን ግን በሩ እስኪከፈት መጠበቅ የለብንም።

ፓርኮች እንደገና ሲከፈቱ ልጄን ይዤ በካልቨር ሲቲ በኩል ያለውን ደረጃ ወጣሁ። 282 ደረጃ ነው፤ ከኮንክሪት ስባሪ የተሠራ፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም። ጉልበቴ ሲለግም ልጄ አንድ ጨዋታ ፈጠረች፦ በቆምንበት ሁሉ አንድ ምስጋና። እሷ ስለ ውሻው፣ እኔ ስለ እናቷ። ጫፉ ላይ ባሕሩ፣ ዳውንታውንና የሆሊውድ ምልክት ይታያሉ። ወደ ሰሜን ዞረን የኛን ፌርፋክስ ፈለግን።

እናንተም ሞክሩት። ቆሎና ውኃ ያዙ፣ ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት ውጡ። ደረጃው ለሚከብዳቸው አያቶች መኪና እስከ ላይ ይወጣል፤ ጠመዝማዛ የእግር መንገድም አለ። ልጆች፣ ደረጃውን በአማርኛ ቁጠሩ። ወላጆች፣ ዘንድሮ የከበዳችሁ ነገር ካለ ይዛችሁት ውጡ፤ በየማረፊያው ግን ምስጋናውን እንዳትረሱ። መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።